ጓዝና ስንቅ በታሪካችን

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ክቡር አንባቢ ሆይ! ማለዳ ከቤትዎ ወጥተው ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲሄዱ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር ያልፋሉ። ሰው ማደሪያዎን ቢጠይቅዎም «ሰፈሬ እዚያ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሰፈር የሚለው ቃል ግን በመሠረቱ ሠራዊት ወይም መንገደኛ ጓዙን ከአጋሰስ አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ፣ እሳቱን አንድዶ ያደረበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። «ከተማ» የምንለውም ቃል በጥንቱ አነጋገር የንጉሥ ሠራዊት የከተመበትን ስፍራ ይገልጥ ነበር። እነሆ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ቤት መኖር ከጀመርን በኋላ እንኳ ስለ መኖሪያችን የምንናገርበት ቋንቋ የድንኳን ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከታሪክ ዐምድ ጥቂት ዝቅ ያለ መስሎ ይታይ ይሆናል። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ዘውድና ስለ ጦርነት በሰፊው ሲተርኩ፣ ስለ ድንኳን ገመድ፣ ስለ ስልቻ፣ ስለ በሶና ስለ በርኖስ የሚናገሩት በጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡም ሆነ ወታደሩ ከእነዚህ ነገሮች ውጭ አንድ ሌሊት እንኳ ከቤቱ ርቆ ለማደር ባልቻለም ነበር። ከዚህም ሌላ በጓዝ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ የፍርድ ነገር አለ። ጓዙን በዕውቀት መርጦ፣ በጥንቃቄ ሠርቶና ጠብቆ የሚሄድ ሰው ራሱን ችሎ ይጓዛል፤ ሳያዘጋጅ የሚሄድ ግን ሸክሙን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይጥላል። ይህን ነገር ከታሪካችን ማስረጃ እያመጣን እንመለከተዋለን።

በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቶቻችን በአንድ ቦታ ተቀምጠው አይገዙም ነበር። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ በደብረ ብርሃን ረግተው ተቀመጡ፤ ሆኖም ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ የብዙዎቹ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ድንኳን ነበረ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታተመ። እርሱ እንደሚተርከው፣ የንጉሡ ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ በተዛወረ ቍጥር የሰፈሩ አቀማመጥ አይለወጥም። የንጉሡ ድንኳን የሚተከልበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን የሚቆምበት፣ ፍርድ የሚሰማበትና ገበያ የሚውልበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከአዲስ ሜዳ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቦታ ሳይጠይቅ ያገኛል።

ይህ ሥርዓት በማዕርግ ስሞቻችን ላይ ታትሞ ቀርቷል። ፊታውራሪ በፊት የሚሄደው፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚያዘምተው፣ ደጃዝማችም የደጁ አዝማች ነበሩ። ማዕርጎቹ በኋላ ዘመን የክብር ስሞች ሆነው ቢቀሩ፣ መጀመሪያ የተነሡት ከጉዞውና ከሰፈሩ አሰላለፍ ነው። የመንግሥት ሥራ በቢሮና በፋይል ከመደራጀቱ በፊት በድንኳንና በካስማ ተደራጅቶ ነበር ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንቅረብ። የአገራችን ድንኳን ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ሰፊ እየቀጠለ የሚሰፋው የጥጥ ጨርቅ ነበረ። የእጅ ሽመና ወርዱ ጠባብ ስለ ሆነ፣ አንድ ትልቅ ድንኳን ለመሥራት ብዙ ቁራጭ ጐን ለጐን መጋጠም ነበረበት፤ የድንኳኑም ጥንካሬ በስፌቱ ይለካ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከውጭ አገር የመጣው አቡጀዲ እየተስፋፋ ቢሄድም፣ የጥጥ ጠባይ አልተለወጠም። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥም በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ይጠባል። ስለዚህ ጥብቅ ሆኖ የተሠራ ድንኳን በመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ካካፋ በኋላ ውኃውን በላዩ ላይ ያንሸራትታል እንጂ አያሳልፍም። ነገር ግን ከውስጥ ሆኖ እርጥቡን ጨርቅ በጣቱ የነካ ሰው ውኃው በዚያው ቦታ እንዲንጠባጠብ መንገድ ይከፍትለታል። ልጆች በድንኳን ውስጥ ሲያድሩ ግድግዳውን እንዳይነኩ የሚከለከሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

ገመድም የራሱ ጠባይ አለው። ከቃጫ ወይም ከጥጥ የተገመደ አውታር ሲረጥብ ያጥራል። ማታ በደረቁ ወጥሮ ያሰረ ሰው ሌሊት ዝናብ ቢመጣ ካስማው ተነቅሎ ድንኳኑ ሊወድቅበት ይችላል፤ ዐዋቂ መንገደኛ ግን ከመተኛቱ በፊት አውታሩን ጥቂት ያላላል። የቆዳ ጠፍር ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጠፍር የተጫነ አጋሰስ ከዝናብ በኋላ ጭነቱ ሊላላበትና ሊዘነብልበት ስለሚችል፣ አጋሳሹ መንገድ ላይ ቆሞ መጫኛውን እንደ ገና ማጥበቅ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው የበቅሎውን ጀርባ ያቈስላል፤ ጀርባው የቈሰለ በቅሎም ባለቤቱን ጭምር ከመንገድ ያስቀራል።

ከሁሉ በላይ የድንኳን ጠላት እርጥበት ነው። ጥጥ እርጥብ እንደ ሆነ ተጠቅልሎ ቢታሰር በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተውም ክር በመጀመሪያው ነፋስ ይቀደዳል። ስለዚህ ሠራዊት ሲነሣ ድንኳኑን ጠዋት በፀሐይ ማድረቅ፣ ጠዋት ካልተቻለም በሚቀጥለው ሰፈር ፈትቶ ማስጣት ግድ ነበር። ይህ ሥራ ከጦርነት ታሪክ ጋር አይጻፍም፤ ይሁን እንጂ ጦሩን ከብርድ የሚያድነው እርሱ ነበረ።

ስለ ልብስም እንዲሁ ነው። ጋቢ በደረቅ ብርድ እጅግ ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ጥጥ ስለ ሆነ ሙቀቱን ያጣል፣ ክብደቱም ይጨምራል። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር የሚሠራው በርኖስና ባና ግን ቢረጥብ እንኳ ጥቂት ሙቀት ያስቀራል፤ የደጋ ዘማች ስለዚህ ይመርጠዋል። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ከታች የሚነጠፈው ነው። ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ መሬቱ ራሱ ከተኛበት ሰው ገላ ሙቀት ይስባል። አባቶቻችን በአጐዛና በቁርበት ላይ የሚተኙት ይህን በልምድ ዐውቀው ነው። ሁለት ጋቢ ያለው ሰው ሁለቱንም ከላይ ከሚደርብ አንዱን ከሥሩ ቢያነጥፍ ይሻለዋል።

የዕቃው መያዣ ደግሞ በአብዛኛው የቆዳ ሥራ ነበረ። እህል በአቁማዳ፣ ዱቄትና በሶ በስልቻ፣ ጥቃቅኑ በቀልቀሎ ይያዛል። «ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ» ብሎ ሰው ልዩነት የሌለው ነገር ሲያይ ይተርታል፤ ለመንገደኛ ግን ልዩነቱ የታወቀ ነበር። እንጀራውና ወጡ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ይሄዳል። ውኃው በቅል ይያዛል፤ እንሥራና ገንቦ ለቤት መልካም ቢሆኑም ለመንገድ ይከብዳሉ፣ በቀላሉም ይሰበራሉ። ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይፈልጋል፤ እንዳይበሰብስ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ አይጥ እንዳይበላውም ከመሬት ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት።

እዚህ ላይ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩን አጕድለን መተረካችን ነው። ድንኳኑን የሠራው ሸማኔ፣ አቁማዳውን ያለፋው ፋቂ፣ ጦሩንና ልጓሙን የቀጠቀጠው ጠይብ፣ ምጣዱን የሠራችው ሸክላ ሠሪ በኅብረተሰቡ ዘንድ ይናቁና ይሰደቡ ነበር። መኰንኑ በእነዚህ ሰዎች እጅ በተሠራ ድንኳን ውስጥ እየተኛ፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይጸየፍ ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ንቀቱን በአንድ ቀን አላጠፋውም፤ ቢሆንም አንድ ንጉሠ ነገሥት መንግሥታቸው በማን እጅ ሥራ ላይ እንደ ቆመ መገንዘባቸውን ያሳያል።

ስለ ስንቅ ሲነሣ ዋናው ጥበብ ውኃን ማስወገድ ነው። ትኵስ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ እርሱን ይዞ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው የተሸከመው በአብዛኛው ውኃ ነው፣ በጥቂት ቀንም ይሻግትበታል። ተቈራርሶ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ግን ቀላልና የማይበላሽ ይሆናል። ሥጋው ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ነክቶት ሲደርቅ ቋንጣ ይሆናል። ገብሱ ተቈልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል፤ በሶም በውኃና በጨው ስለሚበጠበጥ እሳት አይፈልግም፤ ጭሱ ለጠላት ምልክት እንዳይሆን ለሚፈራ ሠራዊት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሶው በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ትንሽ ጭብጥ ሰውን ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ይህን ሁሉ ያዘጋጁና በዘመቻው ውስጥ እየፈጩ፣ እየጋገሩና ውኃ እየቀዱ ሠራዊቱን የመገቡ ሴቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት በቂ ባልሆነ ጊዜስ ምን ይሆን ነበር? መልሱን የሚያውቀው ገበሬው ነው። ስንቁን የጨረሰ ወታደር በደረሰበት አገር ከገበሬው ቤት ይመደባል፤ ገበሬውም የራሱንና የልጆቹን ቀለብ ያቀርባል። አንዳንዴም ምደባ ሳይጠበቅ ጐተራው ይገለበጣል፣ በሬው ይታረዳል። በ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የከብት ዕልቂትና ረኃብ፣ «ክፉ ቀን» የተባለው፣ ገበሬውን ካራቈተው በኋላ ይህ ሸክም የማይቻል ሆነ። ዓፄ ምኒልክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1892 ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱ ቀርቶ፣ ለሠራዊቱ ቀለብ የሚውል የእህል ዐሥራት እንዲከፈል ያዘዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የስንቅ ጉዳይ የሆድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ጓዝ የጦርነትን ዕድል እንዴት እንደሚወስን ለማየት ሁለት ዘመቻዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ያደረገው ጉዞ ነው። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በዙላ በኩል ሲገባ፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ የባሕር ውኃ አጥርተው የሚያጠጡ መሣሪያዎችና ከባሕሩ ዳር የሚነሣ አጭር የባቡር ሐዲድ ነበሩት። በሀብት የጐደለው ነገር አልነበረም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሺህ በቅሎዎች በዙላ ሜዳ ሲወርዱ፣ የሚበቃ ልጓምና ማሰሪያ፣ የሠለጠነም አጋሳሽ አልተዘጋጀላቸውም። ብዙዎቹ አምልጠው ሲንከራተቱ በውኃ ጥምና በበሽታ አለቁ። ዝሆን ከሕንድ አስመጥቶ የበቅሎ ማሰሪያ የረሳ ሠራዊት ታላቅ ትምህርት ነው። በኋላም ጦሩ ወደ ደጋው እየገፋ በሄደ መጠን የድንኳኑና የግል ዕቃው ቍጥር እየተቀነሰ ሄደ፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በሠዉበት ቀን በፊታቸው የቆመው ጦር በዙላ ካወረደው ጓዝ አብዛኛውን ወደ ኋላ ትቶ የመጣ ነበር።

ሁለተኛው የዐድዋ ዘመቻ ነው። በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ የተነሣው ጦር በወረ ኢሉ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ፣ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሆኖ ወደ ትግሬ ሲዘምት ከሸዋ እስከ ዐድዋ ያለውን ረዥም መንገድ በእግርና በአጋሰስ ተጓዘ። በጥር ወር በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ በተከበበ ጊዜ፣ ምሽጉ በመድፍ አልፈረሰም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጭ ያለው የውኃ ምንጭ ተያዘ፤ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዙት ከሺህ የሚበልጡ ወታደሮችም ያጠራቀሙት ውኃ ስላለቀባቸው ምሽጉን ለቀቁ። ጥይትና ግንብ ያለው ጦር ለውኃው መያዣ በሚገባ ስላላሰበ ተሸነፈ።

ከዚያም በየካቲት ወር ሁለቱ ጦሮች በዐድዋና በሳውርያ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። በዚህ ጊዜ የሁለቱም ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የዓፄ ምኒልክ ሠራዊት አገሩ ሊመግበው ከሚችለው በላይ ስለ ሆነ ቦታውን ለቅቆ ለመሄድ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የጄኔራል ባራቲየሪም ስንቅ የሚበቃው ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ባራቲየሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግን ቢያስብም፣ ከሮም የመጣበት ግፊትና የመኰንኖቹ ምክር ተጨምሮበት ወደ ፊት እንዲሄድ ወሰነ። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድሉ የጀግንነት ድል ነው፤ ቀኑን ከቈረጡት ምክንያቶች አንዱ ግን የስልቻው መጕደል ነበረ። በጦርነቱም ቀን እቴጌይቱ ያሰለፏቸው ሴቶች ውኃ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቍስለኛው ማድረሳቸው ከድሉ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ድንኳኑ ወደ ከተማ የተለወጠበት ጊዜም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፍል ውኃ ወርደው ሲሰፍሩ፣ አዲስ አበባ የድንኳን ሰፈር ነበረች። ነገሥታቱ ቀድሞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚዛወሩበት አንዱ ምክንያት የማገዶ ማለቅ ነበረ፤ ድንኳን በቀላሉ ይነቀላል፣ የተቈረጠ ዱር ግን በቀላሉ አይበቅልም። አዲስ አበባም በዚሁ ምክንያት ልትተው ተቃርባ፣ ዓፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ አስበው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መስፋፋቱ ከተማዋን እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ሆነ። መኳንንቱ በድንኳናቸው ቦታ ቤት ሠሩ፤ አሽከሮቻቸውም በዙሪያቸው ሠሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው።

ድንኳኑ ቤት ሲሆን ግን የጓዝ ዕውቀት ከከተማው ሰው እጅ ወጣ። ዛሬ ለመንግሥት ሥራ ወደ ገጠር የሚላክ ሠራተኛ ወይም በበዓል ቀን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት የሚሄድ የከተማ ሰው ከሱቅ የገዛውን ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል። ድንኳኑ ከጥጥ ፈንታ ናይሎን፣ ምሰሶው ከእንጨት ፈንታ ቀላል ብረት ሆኗል። የአባቶቻችን ሕግ ግን ዛሬም የጸና ስለ ሆነ፣ ከዚህ በላይ ከተናገርነው ተነሥተን ጥቂት ምክር ብንሰጥዎ ይቅርታ ያድርጉልን።

ድንኳን ከመግዛትዎ በፊት ለማን፣ ለየትኛው ወራትና ለየትኛው አገር እንደ ሆነ ያስቡ፤ ለቆላ የሚመች ለስሜን ብርድ አይበቃም። የገዙትን ከጉዞው በፊት በግቢዎ ውስጥ ተክለው ይሞክሩት፤ የጐደለ ካስማ በቤት ሲገኝ ቀላል፣ በተራራ ላይ ሲገኝ ከባድ ነው። ናይሎን እንደ ጥጥ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሆኖም ብዙ ቀን በብርቱ ፀሐይ ተተክሎ ከዋለ ክሩ ይደክማል፣ እርጥቡን ከታሰረም ውኃ የሚከለክለው ቅባቱ ይላጣል። ስለዚህ በጥላ አድርቀው ያኑሩት። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ አይስፈሩ፤ ሰማዩ በላይዎ ጥርት ብሎ ሳለ በሩቅ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከላይ ከሚለብሱት ይልቅ ከሥር ስለሚያነጥፉት አስቀድመው ይጨነቁ። ከስንቅዎ ውስጥ ውኃ ያዘለውን ቀንሰው ደረቁን ያብዙ፤ የሚጠጡትን ውኃ ግን በፍጹም አይቀንሱ።

ሸክሙን በሚከፋፍሉበት ጊዜ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። በቅሎ ከተከራዩም ጭነቱ በግራና በቀኝ የተመዛዘነ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ ለባለ በቅሎውም ዋጋውን በሙሉ ይክፈሉ፣ ማታ የሚለብሰው ያለው መሆኑንም ይጠይቁ። በደረሱበት መንደር እንቍላልና ዳቦ መግዛት መልካም ነው፤ ተዘጋጅተው ባለመምጣትዎ ምክንያት ገበሬው እንግዳ ነው ብሎ ለልጆቹ ያስቀመጠውን እንዲያቀርብልዎ ማድረግ ግን መልካም አይደለም። የአገራችን ገበሬ እንግዳን እምቢ ለማለት ያፍራል፤ ይህን ጨዋነቱን ብዙ ሠራዊት፣ ብዙ ሹም፣ ብዙ መልእክተኛ እንደ ስንቅ ቈጥሮበት ኖሯል።

እንግዲህ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ሻንጣዎን ባሰሩ ጊዜ ይህን ያስቡ። የጐደለው ነገር ሁሉ በመንገድ ላይ በአንድ ሰው እጅ ይሟላል፤ ያ ሰውም ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ይልቅ ድኻ ነው። ስልቻውን አሙልቶ፣ ድንኳኑን አድርቆ፣ አውታሩን አላልቶ የተኛ መንገደኛ ጠዋት ሲነሣ ከአመድና ከተረገጠ ሣር በቀር በስፍራው የሚተወው የለም፤ የማንም ዕዳ የለበትም።